ዜሮ ያሳየው የክሎሪን ወረቀት

ሜይ ወር እንደገባ ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ፣ የአንድ የጌጥ ዓሣ መደብር ጓዳ። መዋኘት ከጀመሩ አራተኛ ቀናቸውን የያዙ 200 ያህል የኤንጅልፊሽ ጫጩቶች በአንድ ሌሊት አለቁ። ከሰዓት በኋላ ግማሽ ውሃቸው ተቀይሮላቸው ነበር። ማታ መደብሩ ሊዘጋ ሲል ላይ ላዩን ተሰብስበው ስንጥባቸውን ቶሎ ቶሎ ሲያርገበግቡ ታዩ፤ ጠዋት የገንዳው ወለል ላይ እንደ ነጭ ብጥስጣሽ ክር ተነጥፈው ተገኙ። ሆዳቸው ግን ብርቱካናማ ነበር። ብራይን ሽሪምፑን (ለጫጩት መኖ የሚፈለፈሉትን ብርቱካናማ ጥቃቅን የጨው ውሃ ሽሪምፖች) በልተው፣ ጠግበው ነው የሞቱት።

ግራ ያጋባው፣ በኤፕሪል የተፈለፈሉት ጫጩቶች በዚያው ክፍል፣ በዚያው አሠራር፣ አንድም ሳይታመም ማደጋቸው ነው።

«ምን የቀየርከው ነገር አለ?» አሉ ባለቤቱ።

«ምንም፣ ጋሼ። ውሃው በርሜል ውስጥ 24 ሰዓት ሙሉ አየር እየተነፋበት ያደረ ነው። ክሎሪኑንም ለክቻለሁ፤ ይኸው ዜሮ ነው።» ወጣቱ የመሞከሪያ ወረቀቱን አሳያቸው። ጫፉ ንጹሕ ነጭ ነው፣ ቅንጣት ቀለም የለበትም።

ልጁ እውነቱን ነው፤ ወረቀቱም አልዋሸም። የተለወጠው የቧንቧው ውሃ ነው። የከተማዋ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚታከመው በክሎራሚን ነው። በየዓመቱ ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ገደማ ግን፣ መስመሮቹን ለማጽዳት ሲባል ለጥቂት ሳምንታት ወደ ተራ ክሎሪን ይመለሳል። ተራ ክሎሪን አየር ሲነፋበት በአንድ ቀን ተንኖ ያልቃል። ክሎራሚን ክሎሪንና አሞኒያ ተጣምረው የሚሠሩት ነገር ነው፤ አየር ሲነፋበት ቢያድርም አብዛኛው እዚያው ይቀራል። የኤፕሪሎቹን ያተረፈው በርሜል የሜዮቹን የገደለው ለዚህ ነው።

ወረቀቱስ? ነጻ ክሎሪንን ብቻ የሚለካ ዓይነት ነበር። ክሎራሚን ደግሞ ነጻ ክሎሪን አይደለም። ጠቅላላ ክሎሪን የሚለካው ወረቀት ተገዝቶ እዚያው በርሜል ውስጥ ሲነከር 2 ሚሊግራም በሊትር አሳየ። ክሎራሚን በስንጥብ በኩል ደም ውስጥ ገብቶ ቀይ የደም ሕዋሱ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ዓሣው አየር በሞላበት ውሃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ለትልቅ ኤንጅልፊሽ ጉዳት የሆነው መጠን ለአራት ቀን ጫጩት ሞት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወስደው እርምጃ ውሃ መቀየሩን መተው ነው። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ጫጩት በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይበላል፤ ትርፉና ኩሱ ትንሽ ገንዳ ውስጥ በአንድ ቀን ይበሰብሳል። ውሃው ሲቆሽሽ በመጀመሪያ የሚጎዱት ከሆድ ሥር የሚወርዱት ሁለት ቀጫጭን ክንፎች ናቸው፤ አንዴ ሳይወጡ ከቀሩ ዓሣው ዕድሜ ልኩን እንደዚያው ይኖራል። በየቀኑ ከሦስት አንድ እስከ ግማሽ መቀየር ግድ ነው።

መፍትሔው ኮንዲሽነር፣ ማለትም የቧንቧ ውሃን ለዓሣ የሚያዘጋጅ መድኃኒት ነው፤ ዓይነቱ ግን ይለያያል። ሶዲየም ታዮሰልፌት ብቻ ያለበት ርካሹ ዓይነት ክሎሪኑን አክሽፎ አሞኒያውን ይለቀዋል፤ 3 ሚሊግራም በሊትር ክሎራሚን ካለበት ውሃ ከግማሽ ሚሊግራም በላይ አሞኒያ ይቀራል። የአሞኒያው መርዛማ ክፍል ደግሞ ፒኤች (የውሃው የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር አሥር እጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ፒኤች 6.7 ላይ ጫጩቱ የሚችለው 7.7 ላይ ይጎዳዋል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ «አሞኒያንም ያስራል» የሚል መኖሩን አይቶ መግዛት ነው። የሚጨመረው ውሃው ገንዳ ሳይገባ፣ በበርሜሉ ሙሉ ልክ ተሰልቶ ነው። የታሰረው አሞኒያ በአሞኒያ መለኪያ ላይ አሁንም አረንጓዴ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ያን አይቶ ደንግጦ ኮንዲሽነር መደረብ አያስፈልግም። የታሰረውን በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ባክቴሪያው ካለ ነው ታዲያ። የዚህ ክፍል ሁለተኛ ጥፋት እሱ ነበር። ከወላጆቻቸው የተለዩት እንቁላሎች ሻጋታ እንዳይዛቸው ሚታይሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ መድኃኒት ተጨምሮላቸው ነበር፤ ስፖንጅ ፊልተሩም (ማጣሪያው) ያኔ እዚያው ገንዳ ውስጥ ነበር። መድኃኒቱ ሻጋታውን ሲከላከል የስፖንጁን ባክቴሪያም ጨረሰው። ስፖንጁ ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፣ አረፋውም ይወጣል፤ ሥራውን ግን አይሠራም።

አሁን እንቁላሉ ካረፈበት ቱቦ ጋር ተነሥቶ 40 ሊትር ገንዳ ውስጥ ሲገባ፣ አብሮት የሚገባው ሂተርና የአየር ድንጋይ ብቻ ነው። ድንጋዩ አረፋው እንቁላሉን ሳይነካ አጠገቡ እንዲያልፍ ይቀመጣል። ሙቀቱ 27 እስከ 28 ዲግሪ ነው። በሁለት ሦስት ቀን ይፈለፈላሉ፣ ከዚያ አምስት ቀን ያህል ቱቦው ላይ ተጣብቀው ጭራቸውን ያወዛውዛሉ፤ አስኳላቸውን ስለሚመገቡ ምግብ አይሰጣቸውም። በነዚህ ቀናት ሰማያዊው ውሃ በተዘጋጀ ንጹሕ ውሃ ጥቂት በጥቂት ይተካል። ትላልቆቹ ገንዳ ውስጥ ከወር በላይ የሠራ ስፖንጅ ወደ ጫጩቶቹ የሚዛወረው ቀለሙ ጨርሶ ከጠፋ በኋላ፣ መዋኘት ሊጀምሩ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። የብራይን ሽሪምፑን እንቁላል ማስፈልፈልም በዚያው ቀን ይጀመራል፤ አንድ ሊትር ውሃ፣ 25 ግራም ጨው፣ ብርቱ አየርና መብራት፣ 24 ሰዓት። ከመስጠት በፊት ጨውን በወንፊት አጥቦ ማስወገድ፣ ባዶውን ቅርፊትም መለየት ያስፈልጋል።

በርሜሉ ላይ አሁን ሁለት ነገር ተለጥፏል፦ የጠቅላላ ክሎሪን ወረቀቱ የቀለም ሰንጠረዥ፣ ከሥሩ ደግሞ ቀንና የተነበበው ቁጥር የሚጻፍበት ሉህ። ዜሮ ካልተጻፈ የበርሜሉ ቧንቧ አይከፈትም።