የደጀን ድንጋይና የሐምሌ ዝናብ፦ በትንሽ ገንዘብ የጨው ውሃ አኳሪየም

የኮራል አኳሪየም ሊያቋቁም ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው ልቡ ያለው ዓሣው ላይ ነው። እኔ ግን ባሕር ዳር ላይ ከባዶ ተነሥቼ ስላቋቋምኩት የምመክረው ሌላ ነው፤ መጀመሪያ እጃችሁ የገባው ብር ለውሃው ይዋል። ኮራል የሚተነፍሰው ከውሃው ነው፣ ድንጋያማ የሆነው ዓይነት አጥንቱን የሚሠራው ከውሃው ነው፣ ቆሻሻውን የሚጥለውም እዚያው ነው። ውሃው ከተስተካከለ ርካሽ ዕቃ ይበቃል። ካልተስተካከለ ውድ መብራትም ውድ ፓምፕም አያድንም።

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ደመወዜም የመምህር ደመወዝ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚገኘውን ሁሉ እዚሁ ፈለግሁ። ከውጭ ያስመጣሁት ጨው፣ ጨዋማነት የሚለካ ሪፍራክቶሜትር፣ የውሃ መመርመሪያ ኪት፣ ማሞቂያ፣ የኤልኢዲ መብራትና ትንሽ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ብቻ ነው። ዋጋቸውን በብር የማልጽፈው በየወሩ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ሰው ስለሚያሳስት ነው።

ስለ ጨው ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነውና። እህቴ ከዱባይ ባልዲ ሙሉ ጨው ይዛልኝ ስትመጣ እናቴ፦ «አንቺ ልጅ፣ ጨው ገበያው ሞልቶ የለም እንዴ? በአውሮፕላን የሚያስመጣው ምንድን ነው?» አለች። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው። አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ ወደ 35 ግራም የሚሆን የሟሟ ጨው አለ። ከዚያ ውስጥ ከ100 እጅ 85 እጁ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ማለት ነው። ልዩነቱ ያለው በቀሪው 15 እጅ ላይ ነው፦ ማግኒዚየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ባይካርቦኔት። የገበያው ጨው ላይ እነዚህ የሉም ማለት ይቻላል። አዮዲን ደግሞ ለእኛ ጤና ሲባል ተጨምሮበታል።

ለምን የሉም? የባሕር ውሃ በፀሐይ ሲተን ጨዎቹ በአንድ ጊዜ አይዘቅጡም፤ ተራ አላቸው። መጀመሪያ ካልሲየም ካርቦኔቱ፣ ቀጥሎ ጂፕሰሙ ይቀመጣል፤ አብዛኛው ካልሲየም እዚያ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የምንበላው ጨው ይጋገራል። ፖታሲየምና ማግኒዚየም እስከ መጨረሻው ውሃው ውስጥ ይቆያሉ። ዳሎል አካባቢ ጨውና ፖታሽ በየራሳቸው ንጣፍ የሚገኙት በዚሁ ምክንያት ነው። ደናክል ድሮ የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። በዳርቻው ላይ ዛሬም ደርቀው የቀሩ የኮራል ሪፎች፣ ማለትም ኮራል የገነባቸው የድንጋይ ክምሮች አሉ፤ ዕድሜያቸው ወደ 120,000 ዓመት ገደማ ይገመታል። አሞሌ ሆኖ በግመል ተጭኖ የወጣው፣ ጎጃም ገበያ ድረስ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረው ጨው ያ ባሕር ትቶት የሄደው ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ራሴም እንደ አዲስ ይደንቀኛል። ግን አሞሌን በውሃ ብናሟሟው ባሕሩ አይመለስም፤ ከባሕሩ ውስጥ አንዱን ንጣፍ ብቻ ነው የያዝነው።

ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው ግዙ። ብዙ አይፈጅም። እኔ ጋ ድንጋዩ ሲቀነስ ወደ 80 ሊትር ውሃ አለ። የታሸገው ጨው ራሱ እርጥበት ስለሚይዝ በሊትር ወደ 38 ግራም ይገባል፤ ለመጀመሪያው ሙሌት 3 ኪሎ ያህል መሆኑ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ከ10 እጅ አንዱን፣ ማለትም 8 ሊትር እየቀዱ በአዲስ ለመተካት 300 ግራም። ባለ 20 ኪሎ ባልዲ ዓመት ያልፋል። ውሃው ሲዘጋጅ ጨዋማነቱ 35 (በኪሎ 35 ግራም)፣ ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፣ ማግኒዚየሙ ወደ 1,300፣ አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም) ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ ከ8 እስከ 9 ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል። ጨዋማነትን ግን በግምት አትተዉት፤ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ አንድ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ሪፍራክቶሜትሩን ግዙ።

ጨው የሚሟሟበት ውሃ ደግሞ ራሱ ንጹሕ መሆን አለበት። ሌላ አገር ያሉ ሰዎች ለዚህ ማጣሪያ ማሽን ይገዛሉ። እኛ ጋ ክረምት አለ። ባሕር ዳር ላይ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ የዝናብ ውሃ ደግሞ ተፈጥሮ ራሷ አትንና ያቀዘቀዘችው ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች አቧራውንና ጭሱን ጠርገው እስኪያልፉ ጠበቅሁ። ከዚያ ሐምሌ ላይ ግቢያችን ውስጥ በአራት እንጨት ላይ ንጹሕ ላስቲክ ወጥሬ መካከሉን አዘቀዘቅሁና ከሥሩ በርሜል አኖርሁ። የጣሪያ አሸንዳ ላይ የሚወርደውን አትቅዱ። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክና መዳብ ደግሞ ለኮራልና ለባሕር ቀንድ አውጣ በጥቂቱም ቢሆን መርዝ ናቸው። በናስ ቧንቧ ያለፈ ውሃም እንዲሁ ያሳስበኛል። በላስቲክ የተቀዳው ውሃ፣ የሟሟውን ነገር መጠን በሚያሳየው የቲዲኤስ መለኪያ ሲታይ፣ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በታች ነበር። በጀሪካን ሞልቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ ጨለማ ዕቃ ቤት ውስጥ ደረደርኩት፤ ብርሃን ካገኘ አልጌ ያበቅላል።

ይህ ውሃ ለሌላም ሥራ ያስፈልጋል። በበጋ ፀሐይና ነፋስ አኳሪየሙ በየቀኑ ይጎድላል። የሚተነው ግን ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። የጎደለውን በጨው ውሃ የሞላ ሰው ሳያውቀው ጨዋማነቱን እያሳደገ ይሄዳል። መስታወቱ ላይ መስመር አስምሩ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ መስመሩ በዝናብ ውሃ ብቻ ሙሉ።

የጣና ውሃስ? ደጃፋችን ነው፣ ነፃ ነው። አይሆንም። ከማሳው ታጥቦ የሚገባው ደለል፣ ናይትሬትና ፎስፌት እምቦጩን የሚያደልበው ነው። ኮራል ያደገው እነዚህ እምብዛም በሌሉበት ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ነው፤ ብዙ ሲሆንበት አልጌ ይውጠዋል።

ድንጋዩን ያገኘሁበትን መንገድ ግን በጣም ወድጄዋለሁ። የሪፍ አኳሪየም ድንጋይ ጌጥ አይደለም፤ ቆሻሻውን የሚያጸዱት ባክቴሪያዎች መኖሪያ ነው። በውጭ አገር ለዚህ የሚሸጠው ድንጋይ ውድና ከባድ ነው፤ በሻንጣ የሚመጣ አይደለም። በባሕር ዳር ዙሪያ የምናየው ጥቁሩ ባዛልት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ነገር ግን ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ደጀን አልፎ የአባይ ሸለቆ ቁልቁለት ላይ ወፍራም የኖራ ድንጋይ ንጣፍ አለ፤ የጂኦሎጂ ሰዎች የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ይሉታል። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር አገራችንን በሸፈነበት ዘመን የተቀመጠ ነው፤ በውስጡ የባሕር ዛጎልና ኮራል ቅሪት ይገኛል። ወንድሜ በአይሱዙ በዚያ መንገድ ይመላለሳልና ለግንባታ ከሚፈለጠው ላይ አንድ ጆንያ ገዝቶ አመጣልኝ። አንዱ ላይ የዛጎል ቅርጽ በግልጽ ይታያል፤ እሱን ከፊት አድርጌዋለሁ።

እዚያው ሸለቆ ውስጥ ጂፕሰምም ስላለ መለየት ያስፈልጋል። ጂፕሰም በውሃ ቀስ እያለ ይሟሟል፤ አኳሪየም ውስጥ መግባት የለበትም። ድንጋዩ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ የኖራ ድንጋይ ከሆነ አረፋ ይደፍቃል፣ ጂፕሰም ከሆነ ዝም ይላል። የዝገት መልክ ወይም የሚያብለጨልጭ ብረት ነገር ያለበትን ተዉት። ያለ ሳሙና በብሩሽ ፈትጌ፣ ውሃ እየቀያየርኩ ለሳምንታት ዘፈዘፍኩት። የደጀኑ ድንጋይ ጠጣር ነው፤ እንደ እውነተኛው የሪፍ ድንጋይ በቀዳዳ የተሞላ አይደለም። ስለዚህ በመዶሻ በቡጢ ልክ ሰባብሬ፣ ውሃ በመካከሉ እንዲያልፍ ክፍተት እየተውኩ ከመረው። አሸዋ አላስገባሁም፤ ወለሉ ባዶ ሲሆን ለማጽዳትም ይቀላል፣ ወጪም ይቀራል።

መስታወቱን የሠራው ሽምብጥ ቤታችን አጠገብ መስኮትና በር የሚገጥም ባለሙያ ነው፤ 60 በ40 በ40 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር። ሲሊኮኑ ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት መሆኑን ማሸጊያው ላይ አንብቡ። ማቆሚያውን በብረት አስበየድኩ፤ ሲሞላ ከ120 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ተራ ጠረጴዛ አይችለውም።

ከፍታችን ለዚህ ሥራ ትልቅ ነገር ነው፤ የውጭ ሰዎች በሚጽፉት ውስጥ ግን አይገኝም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ከ100 እጅ ወደ 80 እጁ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው የባሕር ውሃ ጅቡቲ ወደብ ላይ በሊትር ወደ 6.7 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ ያው ውሃ እዚህ 5.4 ገደማ ነው የሚይዘው። ስለዚህ መጽሐፍ ላይ ለዚህ መጠን ከሚፈቀደው ዓሣ ቀንሱ። ፓምፑም የውሃውን ገጽ ሌት ተቀን እንዲያናውጥ ወደ ላይ አዙሩት።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚያልቀው ይኸው ኦክስጅን ነው። ማሞቂያው ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ ውሃው ቶሎ አይበርድም፤ ታኅሣሥና ጥር ሌሊት ላይ ብቻ ብርድ ልብስ አለብሰዋለሁ። ፓምፑ ግን መቆም የለበትም። ባለ 12 ቮልት የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ ከታሸገ ባትሪ ጋር አገናኘሁት፣ ባትሪው ደግሞ ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ነው። ሰፈሩ ሲጨልም ፓምፑ አያውቅም።

ውሃው፣ ድንጋዩና ሙቀቱ ከተዘጋጁ በኋላ ያለው ትዕግሥት ብቻ ነው። አንድ ቁራጭ የቆሮሶ ሥጋ ውሃው ውስጥ ጣልሁ። ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል፤ አንደኛው ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ለዓሣ መርዝ ናቸው፤ ናይትሬቱ በሳምንታዊው ቅየራ ይወጣል። አዲስ አበባ የባሕር አኳሪየም ያለው ወዳጄ ከራሱ ቤት አንድ ትንሽ ድንጋይ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልሎ ልኮልኝ ነበር፤ የባክቴሪያው ዘር ከዚያ መጣ። ብዙ ጊዜ ይህ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በመካከሉ ድንጋዩን ቡናማ ነገር ይሸፍነዋል፤ ዳያተም የሚባል ረቂቅ አልጌ ነው፣ ውሃው ውስጥ ያለው ሲሊካ ሲያልቅበት ይሄዳል። እናቴ «ይሄ ሁሉ ለማይበላ ነገር?» ያለችው በዚያ ሰሞን ነው። እኔ ግን የአሞኒያው ምርመራ ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ማለትም ወደ ዜሮ ሲመለስ ማየትን ከዓሣው ባልተናነሰ ወድጄዋለሁ።

አሁን በሰው እጅ ተፈልፍለው ያደጉ ሁለት ክላውንፊሽ የሚባሉ ዓሣዎች፣ እንዲሁም ማሽሩም እና ዜኒያ የሚባሉ ለስላሳ ኮራሎች አሉኝ፤ ሁሉም ከዚያው ወዳጄ ቤት የመጡ ናቸው። ድንጋያማ ኮራሎች ለመጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ናቸው፤ ኢትዮጵያም አባል ስለሆነች ያለ ፈቃድ ድንበር አያቋርጡም። ከጅቡቲ በኪሱ ቁራጭ ይዞ ሊመጣላችሁ የሚል ሰው ካለ እምቢ በሉት። ለጀማሪ ለስላሶቹ ይበቃሉ፤ ብርሃንም ብዙ አይጠይቁም። ዜኒያ በቀይ ባሕር በብዛት ይበቅላል። መዳፎቹን ያለማቋረጥ ይከፍታል፣ ይጨብጣል፤ በቅርብ ዘመዱ በሄትሮዜኒያ ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህ እንቅስቃሴ በሰውነቱ ውስጥ ያለው አልጌ ያመነጨውን ኦክስጅን ከላዩ እየጠረገ ፎቶሲንተሲሱን እንደሚያፋጥንለት አሳይቷል። ከጎኑ ወዳለው ድንጋይ ቶሎ ስለሚዛመት ለብቻው አስቀምጡት።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ ከየትኛውም አኳሪየም፣ በተለይ ከጨው አልባው፣ ተክልም ሆነ ዓሣ ወደ ጣና እንዳይገባ። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስላማረ ሰዎች ለጌጥ ይዘውት ስለዞሩ ነው። በጣና የሚገኙት የነጭ አሳ ዝርያዎች ደግሞ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። የምቀዳው የጨው ውሃም ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ጌሾው ሥር አይሄድም፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምደፋው።

ዜኒያው ተራብቶ ተርፎኛል። ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ያላችሁ ውሃችሁን አዘጋጅታችሁ ከሆነ ያለ ክፍያ ቆርጬ እሰጣለሁ። ስትመጡ የምርመራውን ፎቶ አሳዩኝ፤ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ፣ ጨዋማነት 35።