ከክኒኑ በፊት ትከሻቸው

«ይማታሉ።» በፈረቃ ርክክብ ላይ ስለ እኚህ የ84 ዓመት አዛውንት የተነገረኝ ይህ ብቻ ነበር። የመርሳት በሽታ አለባቸው፤ ጠዋት ሲታጠቡ ረዳቶቹን ይመታሉ። በዚህም ምክንያት ክዌታያፒን የተባለ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት፣ 25 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ታዘዘላቸው። ከቁርስ በኋላ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ እስከ ምሳ ያንቀላፋሉ። ልጃቸው መጥታ እጃቸውን ይዛ ትቀመጥና ሳያዩዋት ትሄዳለች።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ነርስ ነኝ። በየወሩ የነዋሪዎችን መድኃኒት የሚመረምረው ፋርማሲስት «ለየትኛው ሕመም ነው? መጠኑን ለመቀነስ ተሞክሯል?» ብሎ ጻፈልን። ይህን እንዲጠይቅ የሚያስገድደው የፌዴራል ደንብ ነው። ሐኪሙ ጉዳት ያመጣል ብሎ ምክንያቱን ካልጻፈ በቀር፣ በመጀመሪያው ዓመት መጠኑን ቀስ በቀስ ለመቀነስ ሁለት ጊዜ መሞከር ግዴታ ነው። ክዌታያፒንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞትን አደጋ እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያስጠነቀቀው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ግን ስለ አዛውንቱ የያዝነው መዝገብ «ተማቱ» ከሚል ቃል በቀር ምንም አልነበረበትም።

ረዳቶቹን ለመንኳቸው፦ ሰዓቱን፣ ከመማታታቸው በፊት ምን እየተደረገላቸው እንደነበር፣ የትኛው እጃቸው እንደተነካ ጻፉልኝ። በዘጠነኛው ቀን አንዲት የጎንደር ልጅ ወረቀቱን ይዛ መጣች። «ሲስተር፣ ቀኝ እጃቸውን ስናነሳ ብቻ ነው እኮ።»

ሐኪሙ መረመራቸው፤ ራጅ ተነሡ። የቀኝ ትከሻቸው መገጣጠሚያ አልቋል። ሰውየው «አመመኝ» የሚሉበት ቃል ጠፍቷቸው በእጃቸው ሲናገሩ፣ እኛ ዝም የሚያሰኝ ክኒን እንሰጣቸው ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ከመታጠባቸው ግማሽ ሰዓት በፊት የሕመም ማስታገሻ ተጀመረላቸው፤ ክዌታያፒኑ መጀመሪያ የጠዋቱ፣ ከሳምንታት በኋላ የማታው ቀረ። ቀላል አልነበረም። ሦስት ሌሊት ሳይተኙ አደሩ፤ የሌሊት ፈረቃ «ይመለስላቸው» አለ፤ ተከራከርን። መድኃኒቱ ጠላቴ አይደለም፤ ጎረቤታቸው ለአርባ ዓመታት ስኪዞፍሬኒያ ከሚባል ከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር የኖሩ ናቸው፤ ለእርሳቸው የሚያረጋጋቸው እርሱ ነው። የሚያስቆጣኝ ሳይጠየቅ የሚሰጠው ነው።

አዛውንቱ አሁን ቁርሳቸውን በግራ እጃቸው ይበላሉ፤ ልጃቸው ስትመጣ ዓይኗን ያያሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ረዳት መቱ። የቁም ሳጥናቸው በር ውስጥ ወረቀት ለጠፍሁ፦ «ልብስ ሲወልቅ ከግራ እጅ፣ ሲለበስ ከቀኝ እጅ ይጀመር።»