የእማዬ ቤት ከፍታ

ከነቃሁ ጀምሮ ልቤ ተኮማትሯል። መጀመሪያ ብርዱ መስሎኝ ነበር። ታኅሣሥ ነው፣ ደብረ ብርሃን ነው፣ ጓሮው ሣር ላይ ውርጩ ጨው መስሎ ተነስንሷል። ግን ብርዱ አይደለም፤ እሱን ያደግኩበት ነው። የሰለቸኝ ምክር ነው።

የሁለቱን ወረቀት ነገር ታውቃላችሁ፤ ሁለት አየር መንገዶች በአብራሪነት እንቅጠርሽ ብለው የላኩልኝን። ሰሞኑን ሌላ ወሬ አለኝ እንዴ? የባሕረ ሰላጤዎቹ ድሪምላይነር ላይ፣ ማለትም ትልቁ ቦይንግ 787 ላይ፣ በቀኝ ወንበር፣ በረዳት አብራሪው ቦታ፣ ያስቀምጡኛል። ደመወዙ ደህና ነው፣ ቤት ይሰጣሉ፣ ታይፕ ሬቲንጉንም፣ ያን አውሮፕላን ለማብረር የሚያስፈልገውን ሥልጠና፣ እነሱ ይከፍላሉ። ቦንዱ፣ የማገልገል ግዴታው፣ ግን ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ልውጣ ካልኩ የሥልጠናውን ወጪ መልሺ ነው። ሲኒየሪቲ፣ በቅጥር ቅደም ተከተል የሚያዘው ተራ፣ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። ይህን ሁሉ ዓመት በርሬ ከሰልፉ ጭራ ልቆም ነው። ዕረፍት ቀድሞ የሚመርጠው ቀድሞ የገባው ስለሆነ ገናንና ፋሲካን እርሺው ማለት ነው። የምዕራብ አፍሪካዎቹ ያንኑ የማውቀውን አነስተኛውን ቦይንግ 737 ይሰጡኛል። ብሩ ያንሳል። ግን መንገድ እየጨመሩ ስለሆነ ግራውን ወንበር፣ የካፒቴኑን፣ ቶሎ ታገኛለሽ ይላሉ። "ይላሉ" የሚለው ላይ አስምሩበት።

መ. ደውሎ "ሰፊውን አውሮፕላን የለመደ ወደ ጠባቡ አይመለስም፣ ሂጂ" አለኝ። ት. ደግሞ "አራቱ የካፒቴን መስመር ትከሻሽ ላይ ሳይወጣ ድሪምላይነር ምን ያደርግልሻል?" አለችኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ይህ ነው የሚያናድደው። እማዬ ሁሉን ሰምታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ቤተ ክርስቲያን ያለው የትኛው ጋ ነው?"

እናም ዛሬ ቆርጬ ተነሳሁ። ወረቀት አወጣሁ፣ መሐሉን አሰመርኩ፣ ምድጃው አጠገብ ቁጭ አልኩ። "ደመወዝ" ብዬ ጻፍኩ። "ዕረፍት" ብዬ ጻፍኩ። እማዬ የጾም ንፍሮ ጥዳ "ይኼ ባቄላ ዛሬም አልበስል አለኝ" ብላ ታማርራለች።

"አገሩ ከፍታ ስለሆነ ነው እማዬ። እዚህ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው" አልኳት።

"አገሩማ ድሮም እዚሁ ነበር። ባቄላው ነው የከፋው።"

እዚህ ላይ ሐሳቤ ጠፋ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በእኛ በአብራሪዎች አቆጣጠር ከ9,000 ጫማ በላይ መሆኑ ነው። አውሮፕላን 38,000 ጫማ ላይ ሲበር ውስጡ ያለው አየር የዚያ ከፍታ አየር አይደለም፤ ተጨምቆ ይገባል፤ ባይሆንማ ሁላችንም በደቂቃ ውስጥ ራሳችንን እንስት ነበር። 737 ውስጥ አየሩ ሳሳ ቢባል 8,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው። ድሪምላይነር ውስጥ 6,000 ነው። እሱ አካሉ ከካርቦን ፋይበር ስለተሠራ ግፊቱን ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን በየበረራው ሲወጠርና ሲላላ ስለሚደክም ያን ያህል አይጨቁኑትም። እንግዲህ የእማዬ ማድቤት ከሁለቱም ካቢን፣ መንገደኛው ከሚቀመጥበት ክፍል አየር፣ በላይ ነው። ደመና ላይ ሆኖ ቡናውን የሚጠጣው መንገደኛ እሷ ንፍሮ ከምትቀቅልበት በታች ተቀምጧል!

ከቦሌ በድሪምላይነር ስትነሱ ደግሞ አስቡት። ቦሌ ራሱ 7,600 ጫማ ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ሽቅብ ይወጣል፣ የካቢኑ አየር ግን ወደ 6,000ው ቁልቁል ይወርዳል። እናንተ በመስኮት ከተማው ሲያንስ እያያችሁ "ወጣን ወጣን" ትላላችሁ። ሳንባችሁ ግን ወደ ቆላ እየሄደ ነው።

ከዚያ ጣርማ በር ትዝ አለኝ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የፈለፈለው ዋሻ አፍ ላይ 10,000 ጫማ አልፏል። 10,000 ጫማ ለእኛ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። የካቢኑ አየር የዚያን ከፍታ ያህል ሲሳሳ 737 ላይ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። መጀመሪያ የኦክስጅን ጭንብል፣ ወሬው በኋላ። ሲሙሌተር ላይ፣ በመለማመጃው ማሽን፣ ደጋግመን ስለሠራነው እጃችን ሳይታዘዝ ይሄዳል። ጣርማ በር ላይ ግን የሚጮኸው የአይሱዙ ጡሩምባ ነው። ልጆች ቆሎ ይሸጣሉ። ጭላዳው ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ሣሩን ይነጫል። ጭንብል የጠየቀ የለም።

ወደ መንዝ ዘልቃችሁ ጓሳ ብትወጡ ደግሞ እስከ 3,700 ሜትር ድረስ አለ። እረኛው ባናውን ተከናንቦ ከበጎቹ ጋር እዚያ ይውላል። ዋሽንትም ይነፋል። ዋሽንት! በዚያ አየር! ደንቡ እኮ ከ10,000 ጫማ በላይ ከግማሽ ሰዓት የበለጠ የሚቆይ አብራሪ ኦክስጅን ይጠቀም ነው የሚለው። እርግጥ ደንቡ ከታች ድንገት ለሚወጣ ሰው ነው፤ እዚያው ተወልዶ እዚያው ለሚሮጥ ልጅ አይደለም። ቢሆንም።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ገብስ ይዘው ከወዲያ ማዶ መጡ። ያው እኔ አፌ አያርፍም፣ ስለ ካቢኑ በሙሉ ተረኩላቸው። በጽሞና ሰሙኝ። ጠላቸውን ተጎነጩና "እንግዲያ ለኛም የከፍታ አበል ይታሰብልን በያቸዋ" አሉ። እማዬ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ሰሞኑን እንዲህ ስቄ አላውቅም።

የሚያሳፍረው የእኔ ነገር ነው። እሑድ ወደ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እየቆምኩ ስተነፍስ፣ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማኝ ደረሰች። "ሰማይ ለሰማይ ትዞራለች የተባለችው አንቺ ነሽ?" አለችኝ። ካቢን ውስጥ የለመድኩት አየር ነው እንግዲህ ያደከመኝ። የሁለቱ አየር መንገዶች ከተሞች ደግሞ ሁለቱም ባሕር ጠርዝ ላይ ናቸው። ዜሮ ሜትር በሉት። የትኛውንም ብመርጥ በሚቀጥለው ዓመት ያችን ዳገት የምወጣት በምርኩዝ ነው።

ወረቀቱን አሁን ሳየው "ደመወዝ" የሚለው ሥር ባዶ ነው። "ዕረፍት" ሥርም ምንም የለ። የቀረው ቦታ በሙሉ ሜትርና ጫማ ሆኗል፤ የመንዝ ካርታ ይመስላል። በከፍታ ከሆነ 737ቱ በ2,000 ጫማ ለቤት ይቀርባል። ይህ ምክንያት ይባላል?

መልስ የሚጠብቁት ሐሙስ ነው። ለአንዳቸው እምቢ ማለቴ አይቀርም። የሰላጤው ሰውዬ ደግሞ ለምን ብሎ መጠየቅ ይወዳል። "ካቢናችሁ ከእናቴ ማድቤት ዝቅ ስላለብኝ" ብዬ ልጻፍለት? በዚህ ጭንቅላት ነው እንግዲህ ካፒቴን ልሁን የምለው።