አዲስ ማርሚታ፣ አሮጌ ጓርኒሲዮን

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ለሥራ የምነዳው ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ሞተር ሳይክል የፋብሪካ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ከታች በኩል በዝገት ተበላ። ሁለት ጊዜ ካስበየድኩት በኋላ ብረቱ ሳስቶ ሦስተኛ ብየዳ የማይችል ስለሆነ፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) እስከ ጭራው ያለውን በሙሉ በሌላ አምራች ምርት ለመተካት ወሰንኩ። አዲሱን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። ከመሄዴ በፊት የማሰሪያ ቀዳዳዎቹን ርቀት፣ የቧንቧውን ስፋትና ቧንቧው ከእግር መርገጫው የሚርቅበትን ክፍተት ለክቼ በወረቀት ይዤ ነበር፤ ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ በዓይን ሲታይ ፍጹም ተመሳሳይ የሚመስለውን፣ ግን የማይገጥመውን ይዤ እመለስ ነበር።

ከመግጠሙ ይልቅ የከበደኝ አሮጌውን ማውለቁ ነው። ቧንቧውን ከቴስታታው ጋር የሚያያይዙት ሁለት ዳዶዎች ለዓመታት ሲግሉና ሲቀዘቅዙ ኖረው ከብሎናቸው ጋር ተጣብቀዋል። ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍቼባቸው፣ ጠዋት ሞተሩን ጥቂት ካሞቅኩ በኋላ አንደኛው ያለችግር ተፈታ። ሁለተኛው ሲያስቸግረኝ ግን ትዕግሥት አጣሁና ቁልፉን በቧንቧ አስረዝሜ ገፋሁት፤ ብሎኑ ተቆረጠ። እንዲህ ያለውን ዳዶ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ብቻ ከመጫን ይልቅ፣ ጥቂት እያጠበቁ ጥቂት እያላሉ በየመሀሉ ዘይት መጨመር ይገባ ነበር። ደግነቱ ጉቶው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ቀርቶ ስለነበር፣ ልምድ ያለው በያጅ አዲስ ዳዶ ደርቦበት ከውስጥ በየደውና ገና ትኩስ ሳለ በቁልፍ አዙሮ አወጣው። ከብየዳው በፊት የባትሪውን ሽቦ መንቀልና የእሳት መስጫውን ኤሌክትሮኒክ ሳጥን መፍታት አልዘነጋሁም።

አዲሱን ስገጥም ሁሉንም ብሎኖች በእጅ ብቻ አስያዝኩ፤ ቀጥሎ የቴስታታውን ዳዶዎች እያፈራረቅኩ አጠበቅኩ፤ የኋላውን ማሰሪያ ያጠበቅኩት በመጨረሻ ነው። ኋላው ቀድሞ ከጠበቀ ቧንቧው በግድ ተጎትቶ ይታሰራል፤ እንዲህ የታሰረ ቧንቧ ደግሞ በንዝረት ይሰነጠቃል። የድምፅ መቀነሻውን ከጭራው እንዳወጣ የመከሩኝ ነበሩ። ማለዳ የምነሣበት መንደር የሌሎች ሰዎችም መኖሪያ ስለሆነ አላወጣሁትም።

ችግሩ የታየው ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ነበር። በዚያ ረጅም ቁልቁለት ጋዝ ዘግቼ በማርሽ ስይዘው ማርሚታው እንደ ርችት ይተኩስ ጀመር። ቆላ የሚነዳ አንድ ወዳጄ ነዳጁ ስላነሰ ነው፣ ዋናውን ጂግለር (ነዳጅና አየር በሚያደባልቀው ካርቡራቶር ውስጥ ነዳጁን የሚመጥነውን ባለቀዳዳ ብሎን) በሁለት ደረጃ ከፍ አድርግ አለኝና አደረግኩት። ተኩሱ አልቀረም፤ ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ታፈነ፣ ካንዴላውም እንደ ጥላሸት ጠቆረ። አሁን ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጋዝ በተዘጋበት ሰዓት ነዳጅ የሚመጣው በዝቅተኛው መስመር (ሞተሩ ያለ ጋዝ ሲዞር በሚመግበው) ስለሆነ፣ ዋናውን ጂግለር መለወጥ በዚያ ተኩስ ላይ የሚያመጣው ነገር የለም።

ስለዚህ ወደ ቧንቧው ተመለስኩ። ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሥቼ፣ የማርሚታውን ጭራ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ በከፊል ሸፍኜ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውኃ ብቀባ ከቴስታታው ሥር አረፋ ተንፈቀፈቀ። ፈትቼ ስመረምር፣ የአሮጌው የመዳብ ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያው እንዳያስተነፍስ የሚደፍነው ቀለበት) ከካርቦን ጋር ተዋሕዶ ቀዳዳው ውስጥ ቀርቷል። የቴስታታው አካል መስሎኝ አዲሱን በላዩ ደርቤበት ነበር። በዚያ ክፍተት የሚገባው አየር በጋለው ቧንቧ ውስጥ ያልተቃጠለውን ነዳጅ ያቀጣጥለው ነበር። አሮጌውን በቀጭን መፈንቀያ፣ መቀመጫውን ሳልጭር ካወጣሁ በኋላ ሌላ አዲስ ጓርኒሲዮን ገጠምኩ፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ ግሎ ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹን ደግሜ አጠበቅኩ። በሚቀጥለው ጉዞ ቁልቁለቱን በጸጥታ ወረድኩት።

የጂግለሩን ጉዳይ ከዚህ በኋላ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ በካርቡራቶር የሚሠራ ሞተር በዚህ ከፍታ በራሱ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ስለሆነም ማርሚታ ሲቀየር ነዳጅ ጨምር የሚለው ምክር ለቆላ የሚሆነውን ያህል ለደጋ አይሆንም። በፋብሪካው ጂግለር ካንዴላው እዚህ የቡና ቆሎ መልክ ያዘ፤ 1,300 ሜትር አካባቢ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት ወርጄ በሙሉ ጋዝ ከነዳሁት በኋላ ሳወጣው ግን ነጣ ብሎ አገኘሁት፤ ይህ የነዳጅ ማነስ ምልክት ነው። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል፤ ጥቂት የበዛበት ግን ወጪ ብቻ ነው የሚያስከትለው። ሁለቱንም አገር ስለምነዳ በአንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ያለውን ጂግለር መርጬ ተውኩት፤ ካንዴላው ደጋ ላይ ትንሽ ይጠቁራል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ቡናማ ነው።