ጉልበቱን ሳይነኩ ፊልም ማንበብ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ብዙ ወጣት ታካሚዎች የኤምአርአይ ፊልማቸውን በትልቅ ፖስታ ይዘው ይመጣሉ፤ ጉልበታቸውን ግን ማንም በእጁ አልመረመረውም። ይህ ያሳስበኛል። ለኤምአርአይ የሚከፈለው ገንዘብ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል አይደለምና!

በቅርቡ የመጣችው የ16 ዓመት መረብ ኳስ ተጫዋች ነበረች። እግሯ መሬት ላይ እንደተተከለ ሰውነቷን ስታዞር ጉልበቷ «ወጥቶ ገባ»። እናቷ በመጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ወሰዷት፤ ቀጥሎ ከፊት ለፊት ብቻ የተነሳ ራጅ «አጥንቱ ደህና ነው» አሰኘ። የጉልበት ሎሚ ወደ ውጭ ከወለቀ በኋላ እግር ሲዘረጋ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስለሚመለስ፣ ራጁ ላይ ቦታው ገብቶ ይታያል።

አልጋ ላይ አስተኝቼ ጉልበቷን ወደ 30 ዲግሪ አጠፍሁት። ሎሚውን በአውራ ጣቴ ቀስ አድርጌ ወደ ውጭ ስገፋው ጭኗን አጠንክራ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«አመመሽ?»

«አይ፣ ሊወጣ ነው!»

የምፈልገው ምልክት ይህ ስጋት ነው። ተቀምጣ እግሯን ስትዘረጋ ደግሞ ሎሚው መጨረሻ ላይ ወደ ውጭ ሸርተት አለ። ጤነኛውን ጉልበትና የእጆቿንም መገጣጠሚያዎች አየሁ፤ ሲፈጠሩ ጅማታቸው የላላ ልጆች አሉና።

የኤምአርአይ ፊልሟን ያወጣሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሎሚውን ከውስጥ በኩል የሚይዘው ጅማት ተበጥሷል። የሎሚው ውስጠኛ ጠርዝና የጭን አጥንት ውጫዊ ጎን ሁለቱም በውስጣቸው ተቀጥቅጠዋል፤ ሎሚው ሲመለስ ከጭን አጥንቱ ጋር የተጋጨበት ቦታ ነው። በጣም የፈራሁት ተሰብሮ በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚንሳፈፍ የአጥንት ወይም የልም አጥንት ቁራጭ ነበር፤ እሱ ቢኖር ኖሮ ወደ ቀዶ ሕክምና ይወስዳት ነበር። የለም። እናቷ ይህን ስነግራቸው «እመቤቴ ማርያም!» ብለው ተነፈሱ።

ለአጥንት ሐኪሟ በጻፍሁት ደብዳቤ ጉልበቷ ታጥፎ ከጎን የሚነሳ ራጅ እንዲታዘዝላት ጠየቅሁ። ከሎሚው በታች ያለው ጅማት ርዝመት ለሎሚው ርዝመት ሲካፈል ከ1.2 ከበለጠ ሎሚው ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ጉልበት ሲታጠፍም በጭን አጥንቱ ጫፍ ላይ ወደሚንሸራተትበት ቦይ ዘግይቶ ይገባል። ቦዩ ራሱ ጠፍጣፋ መሆን አለመሆኑም እዚያው ራጅ ላይ ይታያል። እስከዚያው የጭኗን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ጀምረናል።