ነጭ ነጠላ የሚሰቀልበት የፌሮ መስቀያ

ግንባታ ባለበት ሰፈር የፌሮ (የአርማታ ብረት) ቁራጭና አርማታ የሚሞላበት ያረጀ የካሳፎርማ ጣውላ አይጠፋም። ከሁለቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጠንካራ የልብስ መስቀያ ይወጣል። በየቤታችን ግን መስቀያ ላይ የሚውለው ኮት ብቻ አይደለም፤ ነጠላም ጋቢም አለ። ነጭ ጨርቅ ላይ ያረፈ ዝገት በሳሙና አይለቅም፤ በረኪና ከነካው ደግሞ ይብስበታል። የብረቱ ጫፍ ሸካራ ከሆነም የነጠላውን ክር ይመዝዛል። ማጠፉና መበየዱ ቶሎ ያልቃል፤ ብዙ ሰዓት የሚገባው ለማለስለሱና ዝገቱን ለመዝጋቱ ነው።

አምስት ማንጠልጠያ ላለው መስቀያ 90 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 15 ሳ.ሜ. ስፋትና 2.5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ጣውላ፣ 1.5 ሜትር ባለ 8 ሚ.ሜ. ፌሮ፣ ባለ 3 ሚ.ሜ. ላሜራ በ5 በ8 ሳ.ሜ. ተቆርጦ አምስት፣ 4 በ20 ሚ.ሜ. የሆነ 20 የእንጨት ቪቴ፣ እንዲሁም ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ቪቴ የሚይዝ አራት ባለ 10 ሚ.ሜ. ፊሸር ከነቪቴው ይበቃል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ብረቱን በልካችሁ ቆርጠው ይሰጧችኋል። ቆራሌው በራችሁ ላይ ሲያልፍ መጠየቅም አይከፋም። ላሜራው ነጣ ያለ የዚንክ ቅብ ካለው ግን ለብየዳ አትውሰዱት፤ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ለብዙ ሰዓት የሚቆይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል።

ጣውላው ላይ የሚያታልለው ዘይት ነው። ካሳፎርማ ከአርማታው ጋር እንዳይጣበቅ ብዙ ጊዜ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ያ ዘይት ቫርኒሹን አያስይዝም፤ ቀስ በቀስም ወደ ልብስ ይተላለፋል። ነጭ ወረቀት ጣውላው ላይ አንጥፉና በሞቀ ካውያ ተጫኑት፤ ወረቀቱ እንደ ቅባት የነካው ከወዛ ያንን ጣውላ ለሌላ ሥራ ተዉት። የፓሌት እንጨት ከሆነ ማኅተሙን እዩ። «ኤች ቲ» (HT) ማለት በሙቀት ታክሟል ማለት ነው፤ «ኤም ቢ» (MB) ማለት ግን በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ ታጥኗል፤ ለቤት አይሁን። በትንንሽ ቀዳዳዎች ትኩስ ዱቄት የሚያፈስም ነቀዝ አለበት።

ሚስማር ከተነቀለ በኋላ እንኳ ማግኔት አዙሩበት። ተሰብሮ ውስጥ የቀረ ሚስማር የመላጊያ ስለት በአንድ ግፊት ይሸርፋል። የደረቀውን ሲሚንቶ በሽቦ ብሩሽ አንሱ፣ ከዚያ በ80 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሹት። የመጋዙን ጭረትና የሚስማሩን ጥቁር ምልክት አታጥፉት፤ የመስቀያው ውበት እሱ ነው። ባህር ዛፍ ከሆነ ጥላ ውስጥ በደንብ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይጣመማል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል።

ፌሮውን መጀመሪያ ቆርጦ ማጠፍ የተለመደ ስህተት ነው። 20 ሳ.ሜ. ቁራጭ እጅ ላይ ጉልበት አይሰጥም። ሳትቆርጡ፣ የውጭ ስፋቱ 4 ሳ.ሜ. የሆነ ወፍራም የብረት ቧንቧ ሞርሳ (የጠረጴዛ ማሰሪያ) ላይ ከፌሮው ጫፍ ጋር አብራችሁ እሰሩ። ከጫፉ 5 ሳ.ሜ. ትታችሁ ረጅሙን ክፍል ቧንቧው ላይ ግማሽ ክብ ጠምዝዙት። ብረቱ ሲለቀቅ ትንሽ ስለሚመለስ ከሚፈለገው ጥቂት አሳልፉት። ከዚያ 20 ሳ.ሜ. ላይ ቁረጡና ቀጣዩን ጀምሩ። ፌሮው ከ1 ሜትር በላይ እንዲሆን የተጠየቀው ለዚህ ነው፤ አምስተኛውም ሲታጠፍ የሚያዝ ጭራ ይቀራል።

የላሜራውን አራቱንም ማዕዘኖች ከመበየዱ በፊት ብሱ፤ ከተበየደ በኋላ ፌሮው ትራፓኖውን (መብሻውን) አያስጠጋም። የፌሮውን ቀጥ ያለ እግር ላሜራው መሐል አስቀምጡና በሁለቱም ጎን በ2.5 ሚ.ሜ. ኤሌክትሮድ አስበይዱት።

አሁን ዋናው። ጫፉን በግራይንደር እንደ ጣት ጫፍ አድቦልቡሉት። የፌሮው ጥርስ ጎኑ ላይ ቢቀር ያምራል፤ ጨርቁ በሚያርፍበት በክቡ ውስጠኛ ፊት ላይ ግን በክብ ሞረድ አስተካክሉት። የብየዳ ፍንጣሪ እንደ ጤፍ ፍሬ ተጣብቆ ስለሚቀር በመሮ እየነካካችሁ አንሱት። ሲያልቅ አንድ ጭብጥ ጥጥ ከላይ እስከ ጫፍ አሻሹበት፤ ጥጡ ቃጫ የተወበት ቦታ ሁሉ ነጠላም ይይዛል።

ዝገቱን ለማስለቀቅ ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሩት፣ በሽቦ ብሩሽ አሹት፣ ሶዳ በገባበት ውሃ አጥቡትና ወዲያው በእሳት ወይም በሙቅ አየር አድርቁት። ከዘገያችሁ በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካንማ ዝገት መልሶ ያለብሰዋል። ጥቁር ከፈለጋችሁ ፀረ ዝገት፣ ከዚያ ቀለም። የብረቱን መልክ ከወደዳችሁ ሁለት ጊዜ ደብዛዛ ቫርኒሽ፣ የመጀመሪያው በቲነር ቀጠን ብሎ። ሞቅ ባለ ብረት ላይ የንብ ሰም መቀባትም ያምራል፤ ግን ይታሻል፣ በየጊዜው ይደገማል። ነጭ ልብስ ለሚሰቀልበት ቫርኒሹ ይሻላል።

ማንጠልጠያዎቹ ከጣውላው ግራ ጫፍ በ10፣ 27.5፣ 45፣ 62.5 እና 80 ሳ.ሜ. ላይ ይገባሉ። ለቪቴው በ2.5 ሚ.ሜ. ፑንታ አስቀድማችሁ ብሱ፤ አለዚያ ባህር ዛፍ ይሰነጠቃል።

ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ የትራፓኖውን የመዶሻ ምት አጥፉና በማዞር ብቻ ብሱ። ምቱ የብሎኬቱን ቀጭን ገጽ ከውስጥ ይሰብረውና ፊሸሩ ባዶ ውስጥ ይዞራል። የጭቃ ቤት ከሆነ ፊሸር አያስፈልግም፤ ግድግዳውን እያንኳኳችሁ ቋሚውን ፈልጉ፣ ረጅም ቪቴ በቀጥታ እሱ ላይ እሰሩ። የጣውላው ርዝመት እንኳ በሁለት ቋሚዎች መካከል ባለው ርቀት ቢወሰን ይመረጣል። ከወለሉ 165 ሳ.ሜ. ለአዋቂ ይመቻል።

ነጠላ ከመሰቀሉ በፊት በየማንጠልጠያው ላይ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሳድሩ። ጠዋት ቢጫ ነጥብ የወጣበት ቦታ ቫርኒሹ የዘለለው ነውና እሱን ብቻ አሹና ድገሙት።