ጠርዙ ላይ የታሰረችው ክር

ሐዋሳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዕድሜዬ 63 ዓመት ነው። በቀኝ እግሬ ባት ላይ የወጣው ቀይ እብጠት የስፌት መኪናዬን በረገጥኩ ቁጥር ከሱሪዬ ጋር እየተፋተገ ይደማ ነበር። ኪንታሮት መስሎኝ ፌጦ ለጠፍኩበት። ሲብስብኝ አንድ ክሊኒክ ሄጄ አስቆረጥኩት፤ የወጣውን ሥጋ ከደም ጥጡ ጋር ሲጥሉት እያየሁ ዝም አልኩ። የደንበኛን ቁራጭ ጨርቅ ሳላስረክብ የማላድር ሰው፣ የገዛ ሥጋዬን የት ወሰዳችሁት አላልኩም። በስምንተኛው ወር እብጠቱ እዚያው ቦታ በቀለ።

ሁለተኛዋ ሐኪም «ጋሼ፣ ይህ ሳይመረመር አልነካውም» አሉኝ። ትንሽ ናሙና ወስደው ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚጠብቅ ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ሰጡኝ። ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልዬ፣ 275 ኪሎ ሜትር ያህል በጉልበቶቼ መካከል ይዤ አዲስ አበባ አደረስኩት። ውጤቱ ፖሮካርሲኖማ የሚባል የላብ ዕጢ ቱቦ ካንሰር ሆነ። በ1960ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታወቀ፣ ብዙ ሐኪም በዕድሜው የማያየው በሽታ ነው። ከተቆረጠ በኋላም ከአምስት ታማሚዎች በአንዱ ገደማ ይመለሳል። ወደ ብሽሽትም ሊዛመት ስለሚችል፣ ብሽሽቴን ዳብሰው ንፍፊት ፈለጉ፤ አልተገኘም።

በቀዶ ሕክምናው ቀን ከወገቤ በታች አደንዝዘውኝ ስለነበር ሁሉንም እሰማለሁ። ከእብጠቱ 2 ሳንቲ ሜትር ርቀው በእስክሪብቶ ዙሪያውን አሰመሩ፤ ለስፌት የምንተወውን ትርፍ መሰለኝ። ቆርጠው ሲያወጡት በጉልበቴ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ጥቁር ክር አሰሩ። ምክንያቱን ጠየቅኩ። ካንሰሩ አንዱ ጠርዝ ላይ ከተገኘ፣ በየት በኩል ጨምረው እንደሚቆርጡ የምትነግራቸው ያቺ ክር ናት። እኛ የጨርቅ ፊቱን በጠመኔ እንደምንለየው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ፍርሃቴ ቀለል አለ።

ጉድጓዱን ከጭኔ ስስ ቆዳ ልጠው ሸፈኑት። ከባቴ ይልቅ የተላጠው ጭኔ ነው እንቅልፍ የነሣኝ፤ ይህን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ፋሻው በአምስተኛው ቀን ተፈታ። ለስድስት ሳምንት መርገጫ አልነካሁም፤ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ቁልፍና ዘርፍ በእጄ ሰፋሁ። ገቢዬ ከግማሽ በታች ወረደ፤ አስቀድሜ ገንዘብ ባላስቀምጥ ኖሮ ተበዳሪ እሆን ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የመጣው ወረቀት ጠርዞቹ ሁሉ ንጹሕ ናቸው ይላል። አሁን በየሦስት ወሩ ብሽሽቴን ይዳብሱኛል።

የተለጠፈው ቆዳ ላብ አያወጣም። በሐዋሳ ቀትር ሌላው ገላዬ ሲረጥብ እርሱ ብቻ ደረቅ ስለሆነ፣ ጧትና ማታ ቫዝሊን እቀባዋለሁ። ባለቤቴ «ላቡ አኩርፎሃል» ትለኛለች።